ድርቆሽ፣ እርጥብ ሳር፣ አልፋልፋ ወይስ ፉርሽካ? ሀዋሳ ውስጥ ለጥንቸላችሁ መኖ ስትመርጡ

ጥንቸል ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ነው። ልጆች ጎረቤት አይተው ይለምናሉ። ወይ ደግሞ ዘመድ አንድ ጥንድ በካርቶን ይዞ ከች ይላል። የዚያኑ ዕለት ማታ ጥያቄው ይመጣል፤ ምን እናብላቸው? አንዱ ካሮት ይላል። ሌላው ጥቅል ጎመን። «እኛ ቤት እንጀራም ይበሉ ነበር» የሚልም አይጠፋም። መኖ መሸጫ ከሄዳችሁ ፉርሽካ ይመዘንላችኋል። የወተት ላም ያላቸው ጎረቤቶች ደግሞ አልፋልፋ የሚባለውን የላም መኖ ተክል ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም በቅን ልብ ነው የሚመክረው። አዲስ አሳዳጊ ግን ግራ ይገባዋል።

የኔ የመጀመሪያዋ ጥንቸል ሹሹ ትባል ነበር። ጠዋት ፉርሽካ፣ ማታ የጥቅል ጎመን ቅጠልና የተረፈ ዳቦ እሰጣት ነበር። እየተስገበገበች ስለምትበላው የተስማማት መሰለኝ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ጥግ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። ፉርሽካው እንዳለ ነው። ከሥሯ አንድ ፍሬ በጠጥ የለም። «እስከ ነገ ይሻላታል» ብለን ተውናት። በማግስቱ ሞተች። አንጀቷ ሥራ አቁሞ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ሐኪም ስጠይቅና ስለ አመጋገባቸው ማንበብ ስጀምር። ይህን ጽሑፍ ያኔ አንድ ሰው ቢሰጠኝ ኖሮ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሆዱ እንዴት ይሠራል?

የጥንቸል ሆድ እንደ በግ አራት ክፍል የለውም። ዋናው ሥራ የሚሠራው ዕውር አንጀት በሚባለው ትልቅ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሳሩን ያብላላሉ። የተብላላው እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ በጠጥ ሆኖ ይወጣል። ጥንቸሉም ብዙ ጊዜ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ በአፉ ተቀብሎ ይውጠዋል። ይህን ስታዩ እንዳትደነግጡ። ምግቡን ለሁለተኛ ጊዜ መጠቀሙ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር ይቆጥረዋል፤ ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ ግን ለመብል ይከለክለዋል። ብዙዎቻችን ጥንቸልን የምናውቀው በዚህ ነው። እኔ የምጽፈውም ቤት ውስጥ ለፍቅር ስለሚያዘው ነው።

ጥንቸል ማስመለስ አይችልም። የበላው ሁሉ መውጫው በታች ብቻ ነው። አንጀቱን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሻካራው አሰር፣ ማለትም ፋይበር ነው። አሰሩ ሲያንስ አንጀቱ ይዘገያል። ስታርችና ስኳር ሲበዛ ጎጂዎቹ ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ሆዱን ጋዝ ይሞላዋል። ጥርሱም ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የፊቱ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። የሚሞረደው ሳር ሲያኝክ ነው። ፉርሽካ ሲልስ አይሞረድም።

በምን እንመዝን?

«የቱን ይወዳል?» የሚለውን ተዉት። ጥንቸል ጣፋጭ ይወዳል፤ ሹሹም ዳቦውን ትወድ ነበር። እኔ መኖ የምመርጠው በአምስት ጥያቄ ነው። አሰሩ በቂ ነው ወይ? ለዕድሜው የሚሆን ፕሮቲንና ካልሲየም አለው ወይ? ከሻጋታ፣ ከመርዝና ከውሻ እዳሪ ንጹሕ ነው? ዓመቱን ሙሉ አገኘዋለሁ? ኪሴስ ይችለዋል? የመጀመሪያውን ያላለፈ መኖ በሌላው ቢያሸንፍም ዋና ምግብ አይሆንም።

ድርቆሽ

ለአዋቂ ጥንቸል ዋናው ምግብ ይህ፣ ታጭዶ የደረቀው ሳር ነው። ከሚበላው ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶው ሳር መሆን አለበት፤ ደረቅም ይሁን እርጥብ። ድርቆሽ ሌትና ቀን ከፊቱ አይጥፋ። በሰዓት የሚሰጥ ምግብ አይደለም።

ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ጨርሶ አልጠፋም። ሽታው ደስ ይላል። እስሩን ስትፈቱ አቧራ ቡን አይልም። ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ ከላይ ያለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። እጃችሁን መሀል አስገብታችሁ መዛችሁ አውጡ። መሀሉ ከሞቀ ወይም ከራሰ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለው፣ የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ ይቅርባችሁ። ሻጋታ ለላም የማይጎላ ቢመስልም ለጥንቸል ሳንባና ሆድ ከባድ ነው።

ስንት ይበቃል? 2 ኪሎ የሚመዝን ጥንቸል በቀን 100 ግራም ያህል ይበላል እንበል። የሚረግጠውንና የሚበትነውን 50 ግራም ጨምሩበት። በወር 4 ኪሎ ተኩል አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ 12 ኪሎ የሚመዝን አንድ እስር ለአንድ ጥንቸል ከሁለት ወር በላይ ይሄዳል። ይህን ስሌት ስሠራ ነው ድርቆሽ ውድ አለመሆኑ የገባኝ። እስሩ በአንድ ጊዜ ሲከፈል ይከብዳል እንጂ በቀን ሲካፈል ከጎመኑ ያንሳል። የወተት ላም ያለው ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ እስሩን ሙሉ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይቀንስላችኋል።

ሳሩ የሚታጨደው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ዋጋው ይረክሳል፣ ጥራቱም ደህና ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ ይወደዳል። ቦታ ካላችሁ ያኔውኑ ግዙና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በጣውላ ወይም በድንጋይ ላይ አስቀምጡት። በላስቲክ አትጠቅልሉት፤ ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል።

የጤፍ ጭድስ? ለመኝታ ግሩም ነው። ለምግብነት ግን ደካማ ነው። ድርቆሹ ያለቀ ዕለት ለማኘክ ያህል ይሆናል፤ በሱ ብቻ የሚኖር ጥንቸል ግን ይከሳል።

እርጥብ ሳር

ግቢ ላለው ሰው ከዚህ የረከሰ የለም። ጥንቸሉም የተፈጠረው ለዚህ ነው። ደሾ ሳርና ለጋ የዝሆን ሳር ይወዳሉ። ውኃ ስላለው ለሙቀት ወራትም ይረዳል። ችግሩ ያለው ከሳሩ ጋር አብሮ በሚመጣው ነገር ነው።

ከአስፋልት ዳር የታጨደ ሳር የመኪና ጭስና የውሻ ሽንት አለበት። በውሻ እዳሪ የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዕጭ ጥንቸል ውስጥ ገብቶ ያድጋል። ከሐይቁ ዳር፣ ረግረግ ከሆነው ቦታ የታጨደው ደግሞ ለምለም ስለሆነ ያማልላል። ነገር ግን የጉበት ትል የሚኖረው እንዲህ ባለ ውኃ ገብ መሬት ላይ ነው። ጥንቸልንም ይይዛል። ሳር በሸክም የሚያመጡላችሁን ልጆች ከየት እንዳጨዱት ጠይቋቸው። ደረቅ መሬት ላይ ካለ ግቢ ከሆነ ውሰዱ።

ሌላው ሸክሙን መበርበር ነው። አስተናግር፣ የወፍ ቆሎና ጉሎ በየአጥሩ ሥር ይበቅላሉ፤ ሦስቱም መርዝ ናቸው። እኛ አካባቢ ደግሞ አቮካዶ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። የአቮካዶ ቅጠል፣ ቅርፊትና ፍሬ ለጥንቸል መርዝ ነው። ከዛፉ ሥር አትልቀቁት፤ የረገፈውን ቅጠልም ጥረጉ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

የታጨደ ሳር በማዳበሪያ ታጭቆ ሲያድር ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል። ያንን የበላ ጥንቸል ሆዱ ይነፋል። እንደመጣ ጥላ ውስጥ በትኑት። ያደረና የሞቀውን ጣሉት። ድርቆሽ ብቻ ሲበላ ለኖረ ጥንቸልም በአንድ ቀን አትለውጡበት።

አልፋልፋ

ጥሩ መኖ ነው፤ ጥያቄው ለማን የሚለው ነው። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ከሳር በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ስድስት ወር ላልሞላው፣ ለምታጠባውና ላረገዘችው እሰየው ነው። አዋቂው ግን ትርፉን ካልሲየም በሽንቱ ነው የሚያስወጣው። ሲበዛ ሽንቱ እንደ ኖራ ይወፍራል፤ ፊኛው ውስጥ አሸዋና ጠጠር ይፈጠራል። እርጥብ አልፋልፋ ብዙ ሲበላም ይነፋል። ጎረቤት ሲሰጣችሁ አመስግናችሁ ተቀበሉ፣ ጠውለግ አድርጉትና ለአዋቂው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ጭብጥ ያህል ስጡት።

የገበያ አትክልት

ካሮቱ ሳይሆን ቅጠሉ ነው ምግቡ። ገበያ ላይ ቆርጠው የሚጥሉት የካሮት ቅጠል ለጥንቸል ድግስ ነው፤ ብትጠይቁ በነጻ ይሰጧችኋል። ሥሩ ግን ስኳር አለው። አንድ ቀጭን ቁራጭ ይበቃል። የስኳር ድንች ሐረግ በሲዳማ አካባቢ እንደ ልብ ነው፤ ቅጠሉን በደስታ ይበሉታል። ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ በሶብላ ደህና ናቸው። የሐበሻ ጎመን በፈረቃ ይሁን። ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚበዛበት በሳምንት አንዴ አይለፍ። ጥቅል ጎመን ጋዝ ያበዛል፤ እኔ ከሹሹ በኋላ ቤቴ ለጥንቸል ሰጥቼ አላውቅም።

ለ2 ኪሎ ጥንቸል በቀን ሁለት ጭብጥ የታጠበ ቅጠል በቂ ነው። ሙዝና ማንጎ ከሆነ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ቸኮሌት ጨርሶ አይሰጥም። እንጀራና ዳቦም እንዲሁ። የተረፈ ምግብ መጣል ነውር ስለሆነብን እንሰጣለን፤ ግን የእህል ስታርች ነው አንጀታቸውን የሚያበላሸው።

ፉርሽካና የመኖ ሱቅ ድብልቅ

ፉርሽካ ርካሽ ነው፣ በየመኖ መሸጫው ይገኛል። ነገር ግን ደቃቅ ነው፤ ጥርስም አይሞርድም፣ አንጀትም አይገፋም። ካልሲየሙ ዝቅተኛ፣ ፎስፈረሱ ከፍተኛ ነው። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ካለፈ ሳሩን ያስተወዋል። ፋጉሎ ፕሮቲኑ ስለሚበዛና በቀላሉ ስለሚሻግት ለአዲስ አሳዳጊ አልመክረውም።

አጥብቄ የማስጠነቅቀው የዶሮ መኖ ላይ ነው። «ያው መኖ ነው» ተብሎ ይሸጥላችኋል። ለኔም አንድ ሱቅ የጫጩት መኖ እንዲህ ብሎ ሊሰጠኝ ነበር። በአንዳንድ የጫጩት መኖ ውስጥ ኮክሲዲዮሲስ ለሚባለው በሽታ መከላከያ መድኃኒት ይደባለቃል። ከእነዚህ መድኃኒቶች ጥቂቶቹ ጥንቸልን ይገድላሉ። ከረጢቱ ላይ ምን እንዳለበት ማረጋገጥ ካልቻላችሁ አትንኩት።

ለጥንቸል ተብሎ የተዘጋጀ ፔሌት፣ ማለትም ተፈጭቶ በትንንሽ ፍሬ መልክ የተጨመቀ መኖ ካገኛችሁ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 25 ግራም እንዳይበልጥ። ቀኑ ያላለፈበት፣ ከጥራጥሬና ከባለቀለም ፍሬ ጋር ያልተቀላቀለ ይሁን። ከተቀላቀለ ጣፋጩን ለይቶ ይበላና ሌላውን ይተወዋል። ባይኖርም አትጨነቁ። ድርቆሽና ልዩ ልዩ ቅጠል ያለው ጥንቸል ያለ ፔሌት ጤነኛ ሆኖ ይኖራል።

| መኖ | አሰር | ለማን | ዋናው ስጋት | የመገኘት ሁኔታ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ድርቆሽ | ከፍተኛ | ለሁሉም፣ ሁልጊዜ | ሻጋታ፣ አቧራ | ዓመቱን ሙሉ፤ በበጋ ይወደዳል | መካከለኛ |
| እርጥብ ሳር | ከፍተኛ | ለሁሉም | ጥገኛ ትል፣ መርዛማ ቅጠል፣ መንፋት | በዝናብ ወራት ብዙ | በጣም ዝቅተኛ |
| አልፋልፋ | ጥሩ | ለግልገል፣ ለእርጉዝ፣ ለምታጠባ | ለአዋቂ ካልሲየም ይበዛል | ወተት አምራቾች ዘንድ | መካከለኛ |
| የገበያ ቅጠል | መካከለኛ | እንደ ጭማሪ | ጋዝ፣ ተቅማጥ | በየቀኑ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ፉርሽካ | ዝቅተኛ | በማንኪያ ብቻ | ሳር ያስተዋል | በየመኖ መሸጫው | ዝቅተኛ |
| የዶሮ መኖ | ዝቅተኛ | ለማንም አይሆንም | ገዳይ መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል | በየመኖ መሸጫው | አይገዛ |
| የጥንቸል ፔሌት | መካከለኛ | ላደገ በልክ | ውፍረት | እንደ ዕድል | ከፍተኛ |
| የጤፍ ጭድ | ከፍተኛ፣ ግን ምግብነቱ ደካማ | ለመኝታ | መክሳት | በቀላሉ | ዝቅተኛ |

ለእናንተ የቱ ይሻላል?

ግቢ ካላችሁና በጀቱ ጠበብ ያለ ከሆነ፣ በዝናብ ወራት የግቢያችሁን ሳር አጭዱ። ለበጋው አንድ እስር ድርቆሽ ጥቅምት ላይ ያዙ። የካሮት ቅጠል ከገበያ ጨምሩ። ከዚህ ሌላ ገንዘብ አታውጡ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ሳር የማታገኙ ከሆነ ድርቆሹን ዋና አድርጉት። እስር ሙሉ ማስቀመጫ ከሌለ ከሌላ አሳዳጊ ጋር ተካፈሉ። ቀን ሙሉ ሥራ ለምትውሉም ይሄው ነው የሚሻለው፤ ጠዋት ሞልታችሁት ብትሄዱ ማታ ድረስ አይበላሽም። እርጥብ ሳር ግን በሙቀት ውሎ ይጠወልጋል።

ያገኛችሁት ገና ግልገል ከሆነ፣ እስከ ስድስት ወሩ አልፋልፋና ድርቆሽ ቀላቅሉ። የገበያ ቅጠል አትቸኩሉበት። ሦስት ወር ሲሞላው አንድ ዓይነት ብቻ፣ ትንሽ ትንሽ አስለምዱት፤ በጠጡ ከላላ አቁሙ።

ገንዘብ ላላችሁ ምክሬ፣ ትርፉን ለፔሌት ሳይሆን ለንጹሕ ድርቆሽና ለሐኪም አስቀምጡት።

ውኃና ሙቀት

ጥንቸል ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ከባድ የሸክላ ሳህንና በጠርሙስ የሚንጠለጠለውን ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ከሳህን ሲሆን ደህና አድርገው ይጠጣሉ። ጠርሙሱ ንጹሕ ይሆናል፣ ግን አፉ ይደፈንና ሳታውቁ ተጠምተው ይውላሉ። እኔ ሳህኑን መርጫለሁ፤ በቀን ሁለቴ አጥባለሁ።

የካቲትና መጋቢት ላይ የሀዋሳ ቀትር 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ይብሳል። ጥንቸል አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በጆሮው ነው። ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን መጨነቅ ይጀምራል። ጥላ ያለበት፣ ንፋስ የሚያገኝ ቦታ አዛውሩት። ውኃ በሃይላንድ አቀዝቅዛችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አኑሩለት። ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ከተዘረጋ ጆሮውን በእርጥብ ጨርቅ አርጥቡና ወደ ሐኪም ሩጡ። በረዶ ውኃ ውስጥ አትንከሩት።

ሕመም ሲመጣ፤ ቤት እናክም ወይስ ሐኪም?

ጆሮ ውስጥ ቅርፊት፣ መታከክ፣ ትንሽ መክሳት ካያችሁ አንድ ሁለት ቀን ታግሣችሁ ቀጠሮ ልትይዙ ትችላላችሁ። የጆሮ ቅርፊት ብዙ ጊዜ እከክ ነው፤ በኃይል አትላጡት፣ ያደማል። መድኃኒቱ በክብደት ተለክቶ ነው የሚሰጠው።

የማይታገሡት ሌላ ነው። 12 ሰዓት ያልበላ፣ በጠጥ ያላወጣ፣ ኩርምት ብሎ ጥርሱን የሚያፋጭ፣ ግልገል ሆኖ ውኃ መሰል ተቅማጥ የያዘው፣ ኋላው ላይ የዝንብ ዕጭ የታየበት፤ እነዚህ በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። እኔ ሹሹን ያጣኋት እዚህ ላይ ነው። የዝንቡ በተለይ በክረምት ይበዛል፤ ኋላው በሽንት ወይም በለስላሳ በጠጥ እንዳይጨማለቅ በየቀኑ እዩት።

የሰው መድኃኒት ከመሳቢያ አታውጡ። አሞክሲሲሊንና አምፒሲሊን በአፍ ሲሰጡ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ተሕዋስያን ይጨርሱና ጥንቸሉን ይገድሉታል። ለውሻና ድመት ቁንጫ የሚሸጠው ፊፕሮኒል ያለበት ጠብታም ለጥንቸል መርዝ ነው። ሐኪም ሲያዝላችሁ «ለጥንቸል ይሆናል ወይ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የከተማችን የእንስሳት ሐኪሞች ውሏቸው በአብዛኛው ከላምና ከዶሮ ጋር ነው፤ መጠየቃችሁ አያስቀይማቸውም። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር እዚያም ማጠያየቅ ይቻላል። ይህን ጥንቸሉ ሳይታመም አድርጉት፤ ስልኩን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ሚዛን ካላችሁ በሳምንት አንዴ መዝኑና ጻፉት። ወንድና ሴት አብራችሁ ከያዛችሁ ደግሞ ለዩአቸው። እርግዝናው 31 ቀን ያህል ነው፤ በወለደች ማግስት እንደገና ታረግዛለች፣ ሰውነቷ ያልቃል።

ዛሬ ማታ ካርቶኑ ከመጣ

ያመጣውን ሰው እስካሁን ምን ሲበላ እንደነበር ጠይቁት። ፉርሽካም ይሁን ጎመን፣ ዛሬ ያንኑ ስጡት፤ አጠገቡ ግን ድርቆሽ ሞልታችሁ አስቀምጡ። በድንገት መለወጥ በራሱ ያሳምማል። ከነገ ጀምሮ የድሮውን ምግብ በየቀኑ ከአሥር አንድ እጅ ቀንሱ። ጠዋት ጠዋት በጠጡን እዩ፤ ክብ፣ ደረቅ ያለ፣ ሲፈረከስ የሳር ስብርባሪ የሚታይበት ከሆነ ቀጥሉ። ካነሰ ወይም ከረጠበ በዚያው መጠን ሁለት ቀን ቆዩና እንደገና ቀንሱ። በአሥረኛው ቀን አካባቢ ድርቆሹን በራሱ ፈልጎ ሲበላ ታገኙታላችሁ።